ከቀለሙ ሥር

በሊየፓያ ወደብ፣ ነፋሱ ጨው አዝሎ
የአባቷን ሣጥን በላው፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ።

ቬልታ አቼቶ ሞላች በሕፃን መታጠቢያ ገንዳ፣
ባሏ አጉረመረመ፦ «ገማ እኮ ይሄ ጓዳ!»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይከፈት የዋለ
ክዳን፣ በአራተኛው ጧት፣ ሲጥ አለ፦
ካቻቢቴ፣ የትራም ትኬት፣ ጥርሱ ያለቀ ፒንሳ፣
ግማሽ ሲጋራ፣ ለነገ ተብሎ የተረሳ።

ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፤
ጥፍሯ ሥር ገባ የስንት ክረምት ዝገት።
አረንጓዴው ሲላጥ ሰማያዊ ወጣ፣
ከሰማያዊው ሥር አንድ ጽሑፍ መጣ፣
በምስማር የተጫረ፦
«የሄርማኒስ ነው። የወሰደው ሰው
እጁ ይዝገት።»

መጀመሪያ ሳቀች።
ከዚያ ትዝ አላት የአባቷ ጣት፣
በመጨረሻው ዓመት
አልታጠፍ ብሎት፣ እሷ ያጎረሰችው እራት።

አንቲሩጂን ቀባች፣ ሁለት እጅ ቀለም፤
መዳፍ የምታህል ቦታ ግን አልነካችም።
እዚያች ላይ ዘይት ብቻ፣
በአሮጌ ካልሲ።

የሄርማኒስ ልጅ ገበያው ጫፍ ላይ ዓሣ ትሸጣለች።
«ቀለሙ ይድረቅ፣ ከዚያ እወስድላታለሁ» ትላለች።

ማክሰኞ ደረቀ።
ዛሬ ዓርብ ነው።