ጠብቆና ላልቶ

በመንዝ፣ ሞላሌ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ልደትና ሞትን እጽፋለሁ፣ ጋብቻንም ሲሆን።
ቆርቆሮው ሲንጫጫ በጥቅምት ነፋስ፣
እስክሪብቶዬ ብርዱ ገብቶት እምቢ ይላል፣ ብብቴ ሥር ሞቆ እስኪመለስ።

አንድ ቀን አንድ ሰው መጣ፣ ፀጉሩ ገብስማ፣
መታወቂያ ሊያድስ፣ ድምፁ ካልተጠጉት የማይሰማ።
«ስም?» አልኩት። «ገና» አለኝ።
«እሺ፣ እጠብቃለሁ» አልኩ፤ የቸኮለ አልመሰለኝ።
«ልጄ፣ ስሜ ነው» አለ። ስልሳ ዓመት የተሳቀበት ሰው አይቆጣም። «ገና ተረፈ። ጻፈኝ።»

መዝገቤ ውስጥ ጌታቸው ሞልቷል፣ ደምሴም እንደ ገብስ፣
ካሳና ምትኩ፣ በሞተ ፈንታ የመጡ፣ ስማቸው የሚክስ፤
ገና ግን አንድ ነው፤ ጣቴን ከላይ እስከ ታች ባመላልስ።

«በገና ነው የተወለዱ?» አልኩ፣ «ና»ን ጠበቅ አድርጌ።
«አላላው» አለኝ። «ሁሉም ያጠብቀዋል፤ እኔ የግንቦት ነኝ።»
ወንበር ሰጠሁት፣ የራሴን፣ ጠረጴዛውን ገፋ አድርጌ።

እናቱ ጠጅቱ ከእርሱ በፊት አራት ወልዳ፣
አራቱንም ስም አውጥታ፣ አራቱንም ሸኝታ በዚያው ሜዳ።
የፊተኛው ሺመልስ፣ ቀጥሎ ማናዬ፣
ከዚያ ሁለት ሴቶች፤ የአንዷን ስም እርሱም ረስቶታል፣
«ይቅር በይኝ» አለ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ «እህት ዓለም፣ ሆዬ።»

ስም በወጣ በሳምንቱ፣ ስም በወጣ በወሩ፣
ከደጅ ቆሞ የሚጠራቸው ያለ ይመስል፣ ልጆቹ እየወጡ ቀሩ።
ጠጅቱም ገባት፦ ሞት የሚጠራው የሚያውቀውን ነው፤
ስም የሌለውን ልጅ በምን አፉ ያነሣው?

አምስተኛው ሲመጣ አፏን እንደ ጎታ መረገች፣
«ማን አላችሁት?» ላለ ሁሉ «ገና» ብላ መለሰች።
አማቷ ጠየቁ፤ ገና። ጎረቤት ጠየቀ፤ ገና።
አንድ የውርጭ ሌሊት ደግሞ፣ ውሻው ሳይጮህ ደጁ ተንኳኳና፣
«ያ ልጅ ማነው?» አለ አንድ ድምፅ፣ ጉንፋን የያዘው፣ በትሕትና።
«ገና» አለች።
ሄደ። ጊዜው ያልደረሰ መስሎት ወደ ቁልቁለቱ አቀና።

«ማን አየ?» አልኩት፤ ቅጹ ሦስት ምስክር ይላል፣ ልማድ ሆኖብኝ።
«እናቴ» አለ። «ሌላው ሁሉ ተኝቶ ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

ትምህርት ቤት መምህሩ ስም ጠርቶ ‹ገና?› ሲል፣
ልጆቹ በአንድ አፍ ‹ገና አልመጣም!›፤
እኔ ፊቱ ተቀምጬ ‹ቀሪ› ተብዬ ስዘለል።
ሚስት ሲጠየቅልኝ ሽማግሌዎቹ ‹ለገና ነው የመጣነው› ቢሉ፣
አማቼ ‹ጾሙ እንኳ ሳይገባ?› ብለው ጉድ አሉ።»

ዘንድሮ በታኅሣሥ ማለቂያ አንዲት ወጣት ሕፃን አዝላ፣
«ገና በሉልኝ» አለች፣ «ና»ን አጥብቃ፣ ዕለቱን ተከትላ።
ኮምፒውተሩ «ሁለት» አለኝ። ለእርሱ አንድ ዓይነት ናቸው፤
እኔ ግን አንድ ጥብቅ፣ አንድ ላላ ብዬ በጆሮዬ ቆጠርኋቸው።

በየካቲት ልጁ መጣ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
«አባቴን ላስመዘግብ» አለ፣ ከንፈሩ ደንዝዞ።
ቄሱ በመቃብሩ አፍ በክርስትና ስሙ ሲጸልዩለት፣
«ተክለ ሥላሴ» ሲሉ ሰዉ ተያየ አሉ፤ ይህን ሰው ማን ያውቀዋል፣ ማንስ አለቀሰለት?
ምናልባት ያ ጉንፋናም ይህን ሁለተኛ ስም ከአንድ ቦታ ሰምቶት።

ቅጹን አወጣሁ። «የሟች ስም» ይላል፣ ከፊቱ ነጥብ ነጥብ አለበት።
እስክሪብቶዬ እምቢ አለ። ብብቴ ሥር ከተትኩት።
ከዚያ ጻፍኩ፤
የሟች ስም፦ ገና።
ወረቀት ጥብቅና ላላ አይለይም። ማኅተሙን አሳረፍኩና
በለሆሳስ አነበብኩት፣ አላልቼ፣ ደግሜ።

«ጨረስክ?» አለኝ ልጁ።
መልሱ አፌ ላይ ነበረ።