አንበሳ በአንበሳ

አልጋዬ ሥር አለ የብስኩት ቆርቆሮ፣
ምንም የማይገዛ ገንዘብ የሚኖርበት ታጉሮ፤
እያንዳንዱ ሳንቲም በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ተኝቷል፣
አገሩ፣ ዓመቱ፣ ክብደቱ በእርሳስ ከላዩ ተጽፏል።
የቤልጅግ ኒኬል አለ፣ መሐል ሆዱን የተበሳ፣
የግሪክ ጉጉት አለች፣ ዐይኗን የማትከድን፣ ማንንም የማትረሳ፤
የጀርመን አሥር ፕፌኒግ፣ መዳቡ ለጥይት ሲዘምት ከብረት የተመታ፣
ጣት የሚያቀላ ዝገቱ ጦርነቱ አልቆ እንኳ ያልተፈታ፤
የፈረንሳይዋ ሴት አለች፣ የዘር ከረጢት ያነገተች፣
መቶ ዓመት ስትዘራ ኖራ አንድ ቀን ያላጨደች።

“ከየት አባህ ታመጣዋለህ?” ይሉኛል።
ከፒያሳ ነዋ!
የወርቅ ቤቶቹን ሚዛን እየጠገንኩ ነው የኖርኩት።
ስንሻው፣ የአንጥረኛው ልጅ፣ ከወናፉ ፊት ተቀምጦ
አሮጌ ብር ሊያቀልጥ ሲል፣ አንዷን በጉጠት መርጦ
“ጋሼ፣ ይቺን ሳትሞት እያት” ይለኛል።
ግራሙን እከፍላለሁ፤
ዘመኑን በነጻ እወስዳለሁ።

ሙሴ ሃይጋዝ፣ ሰዓት ሠሪው፣ አራዳ ተወልዶ አራዳ ያረጀው፣
አንድ ቀን በሎሚና በአመድ ፈትጌ
ያንጸባረቀች የሩስያ ኮፔክ ባሳየው፣
ማጉሊያውን ካይኑ አወረደና እንደ መርዶ ሰሚ ዝም አለ።
ቆይቶ፣ “እድፍ መስሎህ ነው?” አለ፣
“የሺህ ሰው ጣት ነበር እኮ። ሺህ ሰው አስወጣህ ከቤቱ።”
ከዚያ ወዲህ ሳንቲም አላጥብም፤
እጄን ነው የምታጠበው።

እቴ ዘርትሁን ግን፣ “ጨው እንኳ አይገዛ!” ትላለች፣
ቆርቆሮውን በመጥረጊያ ጫፍ ወደ ግድግዳው እየገፋች።
እውነቷን ነው። መልስ የለኝም።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቸርችልን ወንዝ አድርጎት፣
አንበሳ አውቶብስ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ፣
በረጠበ ካፖርትና በጃንጥላ ታፍኖ።
ኪሴ ውስጥ የዕለቱ ሲሳይ አለ፣ ገና ወረቀት ያላገኘ፦
የጣሊያን ሃምሳ፣ ኒኬል። በአንድ ፊቱ ሪዛም ንጉሥ፣
በሌላው አራት አንበሶች ጋሪ ይጎትታሉ፣
ጋሪው ላይ ሴት፣ እጇ ላይ ችቦ።
“ሃምሳ ሳንቲም! ያልቆረጠ!” አለች አይናዲስ፣ ትኬት ቆራጯ፤
ሰጠኋት።
አንበሳ ነው፤ የእኛም አንበሳ ነው። ነጭ ነው፤ የእኛም ነጭ ነው።
አላየችውም። አላየሁትም።
ቀጭ አለ ከቦርሳዋ ሥር፣ ትኬቱ ተቀደደልኝ፤
ብሔራዊ ቲያትር ስንደርስ ነው ኪሴን የዳበስኩት፣
ጣቴ ላይ የመጣው የእኛው ነው፣ ብቻውን የሚያገሳው።

ሦስት ሳምንት ለገሃር ቆምኩ።
ሎተሪ አዟሪ፣ ሊስትሮ፣ ቆሎ ሻጭ፣ አንዱንም ሳልምር
መቶ ብሬን በሃምሳ ሳንቲም አስመነዘርኩ፤
ሁለት መቶ አንበሳ ገለበጥኩ፣
ሁለት መቶ ጊዜ ያንኑ አፍ አየሁ።
አይናዲስን ጠየቅኳት። “እኔ የምቆጥረው ድምሩን ነው” አለች፣
“መልኩን እያየሁ ላመሽ ነው እንዴ?”

አንድ ማታ ግን የዘርትሁን ነገር ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ።
ገዛ እኮ!
ስንት ዓመት በመሳቢያ፣ በጣሳ፣ በአንጥረኛ እሳት ደጃፍ
ገንዘብነቱን ተቀምቶ ቆይቶ፣
በዝናብ ቀን አንድ የራሰ ሚዛን ጠጋኝ
እስከ ለገሃር አደረሰ።
ይሄኔ የሆነ ሰው መዳፍ ውስጥ እየሞቀ ይሆናል፣
እየጠቆረ፣
ሺህ ሰው አንድ በአንድ እየገባበት።

ትኬቱ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ደርቆ ተገኘ፣ ጫፉ የተቦደሰ።
በነጭ ወረቀት ጠቀለልኩት፤
ቆርቆሮው ውስጥ፣ በቤልጅጉና በጉጉቷ መሐል
ቦታውን ሰጠሁት። ከላዩም በእርሳስ፦
ጣሊያን። ሃምሳ።
ክብደት፦ አልታወቀም።
ዋጋ፦ ከፒያሳ ለገሃር፣ አንድ ሰው።