ከእሳት የተረፈ

አጂፕ ሰፈር፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጣራዬ ሥር፣
ዝናቡ ሲወርድ ሌሊት ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር።
እኔና አሮጌዋ ዲኤክስ፣ ኮፈኗን ወደ ላይ ከፍታ፣
ተፋጠጥን ሦስት ሌሊት፤ ያለ እራት፣ ያለ ፋታ።
ልቧ የራሷ አይደለም፤ በኮንቴይነር ከዱባይ የመጣ፣
ቱርቦ የጫንኩበት ሞተር፣ ሲያፏጭ ጎረቤት የሚያስወጣ።

ጭስ መውጫዋ ላይ፣ ከኮሌቶሬው ዝቅ ብሎ፣
ሴንሰር ተከልኩላት፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ አንገቱን እሳት ውስጥ ጥሎ።
እሱ እሳቱን አያይም። የሚያየው ትራፊውን ነው፤
ድግስ ካለቀ በኋላ መጥቶ ሳህን የሚቆጥር እንግዳ ነው።
ኦክስጅን ከተረፈ፣ «ነዳጅ አጥሯታል፣ ተርባለች» ብሎ ይጽፋል፤
ምንም ካልተረፈ ደግሞ፣ «ጠግባለች» ብሎ ያልፋል።

ሰዓቱ ላይ ቁጥር ይበራል፦ አሥራ አራት ነጥብ ሰባት፣
አየርና ቤንዚን የታረቁባት።
ከዚያ በላይ ረሃብ ነው፤ ፒስተን እንደ ሰም የሚያቀልጥ፤
ከዚያ በታች ጥጋብ ነው፤ ካንዴላ አጥቁሮ ኪስ የሚገለብጥ።

አስነሳኋት። አሥራ ሰባት።
ምስኪን! አልኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ ቤንዚን ጨመርኩላት።
አሥራ ሰባት።
ደግሜ ጨመርኩ፣ ልጇ አልበላ እንዳላት እናት።
አሥራ ሰባት።
ጭሱ ዓይኔን ሲያስለቅሰው፣ ሙዘይን አፍንጫውን ይዞ ሳለ፣
«ጋሼ፣ የተራበ ሰው እንዲህ ያገሳል?» አለ።

ካንዴላዋን ፈታሁ። ጥቀርሻ የለበሰ፣ ጥቁር ከሰል።
ቁጥሩ «ራባት» ይላል፤ ካንዴላው «ታነቀች» ይላል።
ማንን ልመን? ሁለቱም አንድ እሳት ያዩ ምስክር ናቸው፣
አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከደጅ። ዳኛው እኔ፣ ከሳሹም እኔ፣ አበል የማልከፍላቸው።

ሲነጋ ጅሬን ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስረግጥ፣
አሥራ አንድ! ቁጥሩ ቁልቁል ሲፈጠፈጥ።
አፋፉ ላይ ስቆም፣ ቀስ ብሎ መልሶ አሥራ ሰባት።
ተቀምጦ የሚራብ፣ ሸክም ላይ የሚጠግብ ፍጡር ማን አየ? በየት?
ከታች ጅማ ጉም ለብሳ፣ አዌቱ ደለሉን ይዞ፣
እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ፣ ጣቴ በቅባት ደንዝዞ።

ተመልሼ፣ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ማርሚታውን በጨርቅ አፈንኩት፤
የጎሚስታውን ኮምፕረሰር ለምኜ ነፋስ ሞላሁት፤
ቱቦውን ከላይ እስከ ታች የሳሙና ውሃ ቀባሁት።
ሙዘይን ነው ያየው፦ «አረፋ! ጋሼ፣ አረፋ!»
ከሴንሰሩ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ስንጥቅ፣ ከፀጉር የማትሰፋ።

ብየዳው የእኔው ነው። ሸሪፎ ቢሆን እንዲህ አይበይድም፤
እሱ የበየደው ብረት ቢሰበር እንኳ በብየዳው በኩል አይለያይም።
ሞተሩ ቆሞ ሲያዛጋ፣ በስንጥቋ የደጅ አየር ይስባል፤
ሴንሰሩም የአጂፕን አየር ያሸትና «ራባት» ብሎ ይምላል።
ዳገት ላይ ግን ጭሱ በኃይል ይገፋል፣
የደጁን አየር ይመልሳል፣ ያኔ አንደበቱ ይፈታል።

አልዋሸም። የነገሩትን ነው የነገረኝ።

ሸሪፎ የቱርቦውን ብር በላ ያለኝ ሰው፣ እንዴት ነበር ያለኝ?
ወንበር አስጠግቶ፣ ሻይ ጋብዞኝ፣ ከጆሮዬ ስንዝር ርቆ።
ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እኔም አልሄድኩም፤ እሱም ቀረ ተሳቆ።

ስንጥቋን እኔ አልበየድኩም።
ቱቦውን ፈትቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ለሙዘይን ሰጠሁት።
«ቆጪ ውሰደው፣ ሸሪፎ ቤት» አልኩት።
«ምን ልበለው?»
«ብየዳ በለው። ሌላ ምንም እንዳትለው።»

ከሰዓት ተመለሰ። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ።
«ሒሳብ አልቀበልም አለ» አለኝ ልጁ፣ ብሩን ከኪሱ ስቦ።

ገጠምኩት። አስነሳኋት።
አሥር ነጥብ ሁለት።
ይህን ያህል ቤንዚን ነበር ለካ ያጠጣኋት።
ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፣ ቀስ በቀስ መቀነስ ጀመርኩ፤
ነጥብ አንድ፣ ነጥብ አንድ፣
ዝናቡ እስኪያባራ።