እግሬ መሬት ሲነካ

ከመናኸሪያ ጀርባ፣ ጎማ ቤቱን አልፎ፣
ሮዳሞ ሞተሩን ያቆማል አሰልፎ።
አሥራ አንድ ሞተር፣ ሃያ አንድ መስታወት፤
ታቦር ተራራ ሃያ አንድ ቦታ ተቆርሶ ገባበት።

ዕቁቡ ደርሶኛል። ብሩ ጉያዬ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፤
ልቤ ከላዩ ላይ ይመታል፣ «ቶሎ በይ፣ ቶሎ፣ ቶሎ»።

መጀመሪያ ቀዩ ጠራኝ፤
ጎኑ ላይ ነበልባል የተሳለበት፣
ሲነሣ አሞራ ገደል ያለ አባ ኮዳ ከዓሣው ቀና የሚልለት።
ሮዳሞ ቁልፉን በጣቱ እያሾረ፣
«መቶ ሃምሳ ሲሲ! አስፋልት ይበላል» ሲል ጀመረ።
ወንድሜ ማሪሞ ዘሎ ተፈናጦት፣
ሆዱን ታንኩ ላይ ጥሎ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ነፋስ በሌለበት ነፋስ ይዞት፣
«ይሄ ነው» አለኝ፣ «ይሄ ነው እህቴ»፤
ቅዳሜ ማን እንደሚነዳው ገባኝ፤ ሳቄን ዋጠው አንጀቴ።

እኔ አስፋልት አልበላም።
የኔ አስፋልት ቱላ ላይ ያልቃል፤
ከዚያ ወዲያ ቀይ አፈር ነው፣ ሲዘንብ ሳሙና፣ ሲደርቅ ዱቄት ሆኖ ያንቃል።
ከኋላዬ ሳጥን፣ በሳጥኑ በረዶ፣ በበረዶው መሐል የከብት ክትባት፤
በእንሰት አጥር ሥር፣ ውሻ በሚያባርርበት፣ ጥጃ መንገድ ዘግቶ በሚተኛበት፣
ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ ግን አልቆምም፤
በረዶ ሰው አይጠብቅም።

ረጅሙንም ሞከርኩት፣ የድርጅት ሰዎች የሚነዱትን፤
ጉልበቱስ ጉልበት ነው፣ ንቆ ያልፋል ጉድባ የሚሉትን።
ወጣሁበት፤ እግሮቼ ቀሩ ተንጠልጥለው፣
አዋቂ ወንበር ላይ እንደወጣ ሕፃን፣ መሬቱን በጣት ጫፍ ፈልገው።
«ትለምጂዋለሽ» አለኝ ሮዳሞ፤
እንዲህ ተብሎ የተሸጠልኝ ጫማ ተረከዜን ልጦታል፣ አንድ ክረምት ከርሞ።

ከባጃጅ ሥር ሁለት እግር ወጥቷል፣ ዘይት የጠጣ ቱታ፤
ከዚያው ድምፅ መጣ፣ የላታሞ፣ የጋራዡ ጌታ፦
«ፍሬን የምትይዢው ከፈራሽ በኋላ ነው፣ ወይስ ሳትፈሪ በፊት?
ማታ ስትመለሺ ከኋላሽ ማን አለ? ሰው ነው? ጭነት?
ሞተር በዓይን አይመረጥም፣ የኔ ልጅ፤ በወገብ ነው እንጂ።
ትወድቂያለሽ መቼም፤ ያን ቀን ብቻሽን የምታነሺው ነው ያንቺ፤
ሌላው የሌላ ሰው ነው፤ ተይውና ሂጂ።»

ያኔ ዳር ላይ የቆመውን አየሁት፤
ጥቁር፣ መቶ ሲሲ፣ ግራው ያለ መስታወት፤
ወንበሩ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ዝም ያለ፣
እንደ ጎረቤቶቹ «እዩኝ፣ እዩኝ» ያላለ።
ተቀመጥኩ። ሁለቱም ተረከዜ አፈር ነካ።
ወረድኩና ቀስ ብዬ ገፋሁት። ተኛ።
«ኧረ ሰው!» ጮኸ ሮዳሞ፣ «ሳትከፍዪ ልትሰብሪው ነው እንዴ?»
ማሪሞ ከቀዩ ሳይወርድ አጨበጨበ።
ጀርባዬን ሰጠሁት፣ ጎንበስ አልኩ፣ መሪውን ይዤ በዳሌዬ ገፋሁ፤
አንድ። አልሆነም።
ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ደገምኩት፤ ተነሣ፣ እኔም አብሬው ተነሣሁ።

«የመስታወቱን ቀንስ» አልኩት።
ሮዳሞ በልጆቹ ማለ፣ እኔ በላሞቹ፣ ምሳ ሰዓት አለፈብን፤
ሺህ አምስት መቶ ወረደና፣ ጥርሱን ነክሶ ሻይ ጋበዘን።

ስንመለስ በሐይቁ ዳር ዞርን፣ ሞተሩን ላሳየው ለውኃ፤
በሦስተኛ ማርሽ፣ ያለ ጥድፊያ፣ ያለ ዋይታ፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ ፉክክር፣ ብቻ።
ማሪሞ ከኋላ፣ አኩርፎ፣ እንደ ሳጥኔ ተቀምጦ፤
አቶቴ ስንደርስ አፉን ከፈተ፣ ጆሮዬ ሥር ተለጥጦ፦
«ቀዩ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ደርሰን ነበር።»
«የት?» አልኩት።
ዝም አለ፣
ከሞተሩ ድምፅ በቀር።

ሰኞ መስታወት አስገባለሁ፤
እስከዚያ በግራ የሚቀድመኝን ሁሉ፣ አንገቴን አዙሬ አያለሁ።