ተራ ቁጥር አርባ አንድ

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ከጦሳ ሥር ነው፤ ጉም ሳያንኳኳ ይገባል፤
ሰኔ ሲያልቅ መዝገብ ይዘጋል፣ ያረጀ ሁሉ ይቆጠራል።
አርባ አንደኛዋ ላይ ደረስኩ፣ ብዕሬን አሽቼ በመዳፌ፣
ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ስሟ ግን ጠፋኝ ከአፌ።

የዕቃው ስም፦ ሴት፣
ግማሽ።
ከእምብርት በላይ የሌላት፣ ከጭን በታች የሌላት፤
ዳሌዋ የዋንዛ እንጨት፣ ሆዷ የለፋ ቆዳ፣
በጠፍር ተከፍቶ የሚታይ፣ እንደ ድሃ ሴት ጓዳ።

ብዛት፦ አንድ።
ከነልጇ ሁለት ናቸው፤ ቅጹ ግን አልጠየቀኝም።

ልጁ ጥጥ ነው፤ አናቱ ላይ በመርፌ የተሠራ እርግብግቢት፣
እትብቱ ቀይ ክር፤
ከተማሪ እጅ ወደ ተማሪ እጅ ሲወለድ የመሸበት፣
አንድ ቀን እንኳ ያላለቀሰ፣ ጡት ያላየ፣ ስም ያልወጣለት።

የተገዛበት ዘመን፦
አንዱ በጣልያን ጊዜ ይላል፣ አንዱ የሚሲዮን ሐኪም አመጣት፤
እኔ ስቀጠር እዚሁ ነበረች፤
ያኔም አሮጊት፣ ያኔም ነፍሰ ጡር ናት።

አንድ ክረምት የልምድ አዋላጆች ለሥልጠና ደሴ ተጠሩ፤
ሉባባ እንድሪስ ከወረባቦ መጣች፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ።
ሲስተር ደብሪቱ፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ፣
በሸምበቆ ዘንግ ታሳያለች፦ «ይህ የዳሌው በር፣ ይህ የማሕፀን አንገት»፤
ሉባባ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ፣ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!»
ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ሲስተርም ስቃ፣ «ነይ በይ አሳዪን» አለች።

ተነሣች። እጇን አልሰደደችም።
መጀመሪያ የትከሻዋን ፎጣ አውርዳ እርቃኗን ሸፈነች፤
መዳፏን በትንፋሿ አሟሟቀች፤
ከዚያ ዞር ብላ፣ «ስሟ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

ማንም አልሳቀም።
«ስም የላትም፤ ዕቃ ናት» አለች ሲስተር፣ ድምጿ ወርዶ።
«ታዲያ ዱበርቶቹ ማንን ብለው ዱዓ ያድርጉ፣ ምጡ ከብዶ?»

ሆዷን ዳሰሰች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ፤
«ልጁ ቂጡን ሰጥቷል» አለች፤ «ማነው ያስቀመጠው እንዲህ ያለ አቀማመጥ?»

እኔ ነበርኩ።
ማታ ዕቃ ስሰበስብ እንዳገኘሁ የወተፍኩት እኔ ነኝ።
በር ላይ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ።
እኔም በእግሬ እንደመጣሁ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤
እናቴ ለመንገር አልቆየችም።

ሉባባ ከውጭ፣ በቆዳው ላይ፣ የሚያለቅስ እንደሚያባብል እጅ፣
ቀስ፣
ደግሞ ቀስ፤
ዞረ።
ሲስተር ደብሪቱ ዘንጓን አስቀምጣ ደብተሯን አወጣች።

ዘንድሮ አዲሶቹ መጥተዋል፤ ላስቲክ ናቸው፣ በባትሪ ያቃስታሉ፣
ልባቸው ይመታል፣ ደማቸው ይወርዳል፣ ሲደክማቸው ቻርጅ ይደረጋሉ።
ጥሩ ናቸው፤ አልነቅፍም።

የዕቃው ሁኔታ፦ አገልግሎት የሚሰጥ / የማይሰጥ
ጠፍሯን ፈታሁ፤ ጥጡን ልጅ አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩ፤
አናቱን ወደ ታች፣ ሉባባ እንዳደረገችው፣ ቀስ ብዬ አሳረፍኩ።
ሁለቱንም ቃል ሰረዝኩ። ከጎኑ፣ መስመር በሌለበት፣ ጻፍኩ፦
ወሯ ገብቷል።