ስምንተኛው

ጉዳይቢያ፣ ከልብስ ንጽሕና ቤቱ በላይ፣
ሁለት አልጋ በምትይዝ አንዲት ክፍል ላይ
ሰባት ሸክላ አለኝ።
ሰባቱም የአንድ ፊልም ሙዚቃ፣ ሰባቱም አንድ ዜማ።
ሸኩር የሌሊት ዘብ ነው፣ ቀን ተኝቶ ሳይወድ የሚሰማ፤
«አንድ ሰው ሰባቴ በር ቢያንኳኳ
ሰባት ሰው መጣ ትላለህ?» ይለኛል፣ ብርድ ልብሱን ስቦ።

እኔ ግን አውቃቸዋለሁ፣ እንደ መንታ እናት፣ በጠረናቸው።

የመጀመሪያው ጥጉን አይጥ የቀመሰው ነው፤
ማናማ ገበያ ኩርያን ከካሴት ክምር ሥር ያወጣው፣
በሁለት ዲናር ከፍቶ በዘጠኝ የዘጋው።
ሁለተኛው ከኦሳካ መጣ፣ ወገቡን በወረቀት መቀነት ታጥቆ፣
ዋሽንቱ ቀርቦ፣ ከበሮው ርቆ።
ሦስተኛው ሌላ ኦርኬስትራ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ የተቀዳ፤
ሁሉን ቸኩሎ ያልፈዋል፣ ታክሲ ደጅ እንዳቆመ እንግዳ።
አራተኛው ልባሱ ላይ «የጸዳ ቅጂ» ይላል። እውነት ነው፣ ጸድቷል፤
አራተኛው ደቂቃ ላይ የነፊው ትንፋሽ ይሰማ ነበር፣
እሱም አብሮ ታጥቧል።
አምስተኛውን አልወደውም።
ስድስተኛውና ሰባተኛው ቁርጥ አንድ ናቸው፤
መሀል ወረቀቱ ዙሪያ የተጫረች ቁጥር ብቻ ናት የምትለያቸው።
በዚያች ቁጥር የግማሽ ወር ደሞዝ ሄደ።
ለሸኩር አልነገርኩትም።

ኩርያን ዛሬ የሚሸጠው የስልክ ሽፋን ነው፤
ሸክላ ሲያገኝ ግን ይደውላል፤
«ያንተዋ መበለት መጣች» ይለኛል በተሰባበረ ዐረብኛ።
«ስንተኛዋ?» እለዋለሁ፣
እኔም በተሰባበረ ዐረብኛ።

ምን ፍለጋ ነው?
ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ
አጎቴ ቲኬት በሚቆርጥበት ሲኒማ ቤት ያንን ፊልም አየሁ።
ቀጣዩን ፊልም የጫነው ባቡር መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ፤
ያው አንዱ ታየ፣ ተደገመ፣ ተሠለሰ፣
ሦስት ሳምንት ኖረ።
ሃያ አንድ ማታ፣ መበለቲቱ ወደብ ላይ ፋኖሷን ስታነሳ
ያ ዜማ ከሸራው ጀርባ ይመጣል፤
ውኃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው፣ ከባድ፣ ዝግ ያለ፣
አንድ እግሩን አንሥቶ
ሌላውን ላንሣ አላንሣ እያለ።

ሰባቱ ውስጥ እሱ የለም።
ኖታው አለ፤ መሣሪያው አለ፤ እሱ የለም።
ለሻጮቹ ጻፍኩ፣ ለኦሳካው፣ ለሚላኑ፦
«ዝግ ያለ፣ ድምፁ የወፈረ ቅጂ አላችሁ?»
«በዓለም ላይ የለም» አሉኝ፣ ሰላምታ ጨምረው።

ነሐሴ ነው። ጁፌር፣ ሃያ ስድስት ፎቅ ጣሪያ ላይ፣
የሊፍት ሞተር ክፍል ውስጥ፣ መፍቻው በላቤ ሲንሸራተት
ኃይል ወረደ።
ሞተሩ አቃሰተ፤ ድምፁ ወፈረ፣ ዘገየ፤
አምፖሏ ሊበስል እንደ ቃጣው ቴምር ቀላች።
መፍቻው ከእጄ ወደቀ።
ጥጥ ፋብሪካው የማታውን ፈረቃ ሲያስነሳ
የከዚራ አምፖል ሁሉ እንዲህ ነበር የሚቀላው!
የፊልም ማሽኑም ኃይል አጥሮት
እየጎተተ፣ እያዘገመ ነበር የሚያዜመው።
ለካ ስንት ዓመት የፈለግኩት መሪ
መብራት ኃይል ነበር።

ማታ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ
አይጥ የቀመሰውን አወጣሁ፤ መርፌውን አሳረፍኩ፤
በአውራ ጣቴ የሸክላውን ጠርዝ ነካሁ፣
ትንሽ ጫን አልኩ።
ዜማው ወረደ። ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገባ።
መበለቲቱ ፋኖሷን አነሳች።

ጣቴ ሞቀ፤ አላነሳሁትም።
ሸኩር፣ ዛሬ ተራው አይደለም፣ ከግድግዳው ዞረ፤
አንድ ዓይኑን ገልጦ ብዙ ቆየና
«ይሄኛውን ስንት ገዛኸው?» አለ።