ላብሽ ነው

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎኬት ማምረቻው ግቢ፣ አሸዋ ሳቦካ፣
ሃያ አራት ሳምንት ዕቁብ ጣልኩ፤ ዕጣዬ ሲወጣ፣ ቀኔ ሲሳካ
ለልጅ ደብተር አላልኩም፣ ለጣራ ቆርቆሮ፤
ተበስቶ አርባ ዓመት ባዶውን ለኖረ ጆሮ
ወርቅ ገዛሁ። ለሠርግ አይደለም፣ ለማንም ጥሎሽ፤
ለራሴ ነው፤ «እሰይ» ብዬ፣ «እንኳን ኖርሽ»።

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ባለ መስታወቷ ሱቅ፣
መብራቷ በጠራራ የሚበራ፣ ወለሏ የሚያብረቀርቅ።
«ባለ አሥራ ስምንት ነው» አለ አቶ ፍሥሐጽዮን፣
ሚዛኑ ላይ ሲያኖረው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ።
ከጥጥ ጋር በቀይ ሣጥን፣ ከወረቀት ጋር ሰጠኝ፤
ብሩን ቆጥሬ ስጨርስ እጄ ሲሚንቶ ሸተተኝ።

በሰባተኛው ቀን አሳከከኝ።
በዘጠነኛው ጠቆረ።
በአሥረኛው የግራው መቆለፊያ
ሚክሰሩ አጠገብ ተሰበረ።
ከጠጠር መሀል ለቅሜ ስብራቱን በጥፍሬ ፋቅኩት፤
መዳብ።
ቅኔ የሚያውቀው አጎቴ «ሰሙን ግፈፊ፣ ወርቁ ከሥር ነው» ይለኝ ነበር፤
እኔ ወርቁን ብገፈው ከሥሩ ሰም እንኳ አልነበር።
ይሄ ቅኔ ተገልብጦ ነው የተዘረፈው።
ተዘረፍኩ ብል ይቀላል።

ይዤው ሄድኩ።
«ሽቶ ነክቶት ነው» አለ።
«ሽቶ አልቀባም።»
«ሳሙና ነው።»
«ስታጠብ አወልቀዋለሁ።»
ከራስ ፀጉሬ ጀምሮ ወደ ታች አየኝ፣
ጫማዬ ላይ የደረቀው ሲሚንቶ ጋ ሲደርስ ቆመ።
«እንግዲያ ላብሽ ነው» አለ። «አንዳንድ ሰው ላቡ ወርቅ ይበላል።»

ሳቄ መጣ። እንባዬም።
ላቤ!
ሃያ አራት ሳምንት በአካፋ እጀታ የወረደው፣
ብር ሆኖ ሲመጣ ንጹሕ፣
ቆጥሮ ኪሱ ሲከተው ያልሸተተው፣
ዛሬ ወርቅ በልቶ ተገኘ፤ ጠበቃም የለው።

በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ፣ በቀይ ቀለም፦
«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»
የተጠየቀ ጥያቄም አይመለስም።

ወረዳው፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት ሦስት፤
ጸዳለ የምትባል ልጅ፣ እስክሪብቶዋ ፀጉሯ ውስጥ የተሰካ።
«ደረሰኝ?»
ከልጄ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ወረቀቷን መዘዝኩ።
«መቼ ገዛሽው?»
በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ቀን።
«አሥራ አምስት እስኪሞላ ሕጉ ያንቺ ነው» አለች፤
«ወይ ይቀይርልሻል ወይ ብርሽን ይመልሳል።
ግድግዳው ላይ ያለው ሕግ አይደለም፣ ቀለም ነው።»

ሕጉ ያንቺ ነው።
እንዲህ ሲባልልኝ የመጀመሪያዬ ነው።
ቤቱ የኪራይ፣ ውኃው በፈረቃ፣
አካፋው እንኳ የግቢው ዕቃ፤
ሕጉ ግን የኔ፣
ለሁለት ቀን።

ማኅተሙን ሲያይ ላቤን ረሳው።
ጥቁሩን ድንጋይ አወጣ፣ ጉትቻውን ፋቀበት፣ አሲድ ጠብ አደረገ፤
አረንጓዴ አረፋ።
ዝም ተባባልን።
«ካመጡልኝ ሰዎች ነው፤ እኔም ተታልዬ ነው» አለ።
ምናልባት እውነቱን ነው። አልተከራከርኩም።
«ሌላ ምረጪ» ብሎ ትሪውን ወደኔ ገፋ፤ አምሮ ነበር፣ አልዋሽም።
«ብሬን» አልኩ።
ቆጠረ። መቶ ብር አጎደለ።
ቆሜ ጠበቅሁ።
ሞላው።

አሁን ቀዳዳው እንዳይደፈን፣ እንደ ድሮዬ፣
የመጥረጊያ ስንጥር ሰክቻለሁ ጆሮዬ።
ባለ ስንት ነው ያለኝ የለም፤
ስንጥር ነው፣ ስንጥር ነኝ ይላል፣
ላቤ ቢነካው አይጠቁርም።
ብሩ ቀዩ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ጥጡ ላይ ተኝቶ።
አንድ ቀን ሌላ ሱቅ እገባለሁ፤
ሚዛኑ ይቆይ፣
መጀመሪያ ድንጋዩን አውጡ እላለሁ።